ቫልቩን የያዘው እጅህ

«አይዞህ፣ ሪሌዋ ናት የምትነጫነጨው። ትንሽ ከፍ አድርጋትና እርሳት። ይሄ ሞተር ሁላችንንም ቀብሮ የሚኖር ነው።»

ውድ አይዞህ፣

ከላይ ያለው ያንተ ቃል ነው። በስልኬ ከላክህልኝ መልእክት ላይ አንድ ፊደል ሳልጨምር፣ አንድ ሳልቀንስ ገለበጥኩት። ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል፤ ዛሬ ግን ልቤ አልታዘዘልኝም። ይህን ደብዳቤ እሑድ በህንፃችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ አነበዋለሁ። ስለዚህ አንተ የምታውቀውንም ነገር ከመጀመሪያው ልናገር ነውና ታገሠኝ።

ህንፃችን አምስት ፎቅ ነው። ውሃ ከምድር ቤቱ ገንዳ ጣሪያ ላይ ወዳለው ታንከር የሚወጣው በፓምፕ ነው። አሮጌው ፓምፕ ጨርሶ ሲሞት ሁላችንም ጀሪካን ተሸካሚ ሆንን። እህቴ ከእናታችን ጋር የምትኖረው አምስተኛው ፎቅ ላይ ነው። እናታችን አልጋ ላይ ከዋለች ቆይታለች። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ያለበት ቤት ምን ያህል ውሃ እንደሚፈጅ የሚያውቀው ደረጃውን የሚወጣው ሰው ነው። እኔ ሁለተኛ ፎቅ ነኝ።

ነዋሪዎቹ ገንዘብ አዋጥተው «ፓምፑን አንተ ግዛልን» አሉኝ። የመረጡኝ ስለሚወዱኝ አይደለም። የደረጃውን ግድግዳ የቀባውን ሰውዬ ደጋግሜ ያስፋቅኩት፣ የበሩን መቃን ሳይቀር በውሃ ልክ የምለካው እኔ ስለሆንኩ ነው። ዶርም ሳለን «ማስመሪያው» ብለህ ስም ያወጣህልኝ አንተው አይደለህ? ያንተን ስም ግን ማንም አላወጣውም። ከአፍህ የማትጠፋው ቃል ራሷ ስም ሆና ቀረች።

አዲስ ፓምፕ ከአቅማችን በላይ ስለነበር ያገለገሉ ፓምፖችና ሞተሮች ወደምትሸጥበት ግቢህ መጣሁ። ያገለገለ ዕቃ መግዛት ነውር የለበትም። ግን ሲገዛ የሚታይ ነገር አለ። ፓምፑ በሚተከልበት ቦታ ስንት ኪሎዋት ይፈልጋል? ሞተሩስ ስንት ይሰጣል? ሁለቱም ላይ ይህ የተጻፈባት ትንሽ ታርጋ አለች። ታርጋዎቹን ጎን ለጎን ማንበብ ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም። እኔ ግን እንዲህ ነበር የሆንኩት፦

«ታርጋው የታለ?» አልኩህ።

«ቀለሙ ሥር ነዋ። ምነው፣ ልጅህን ልትድርለት ነው መታወቂያ የምትጠይቀው?»

ሠራተኞችህ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ፓምፑ ከነሞተሩ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ቀለም ተለቅልቆ፣ ገና ቀለሙ ይሸት ነበር።

«ወደ ላይ እስከ ስንት ይገፋል?»

«ስድሳ ሜትር! ያንተ ህንፃ ስንት ነው?»

«ሃያ ሁለት።»

«በቃ! እንግዲህ ለጎረቤትም ትተርፋላችሁ።»

በርሜል ሙሉ ውሃ አስቀርበህ አስነሳኸው። ውሃው በቀጭኑ ይወርድ ነበር፤ ምክንያቱም በመውጫው ላይ ያለውን ቫልቭ ጠበቅ አድርገህ የያዝከው አንተ ነበርክ። በሌላው እጅህ ትከሻዬን ይዘሃል። ሞተሩ የሚስበውን ኤሌክትሪክ የሚያሳየው የአምፔር መለኪያ ዝቅ ብሎ ረጋ። «አየኸው? ጨዋ ነው፤ ድምፁ እንኳ አይሰማም» አልከኝ።

ሌላም ነገር አይቻለሁ። በሞተሩ እግር ሥር አዲስ የተበየደ ብረት ነበር። ትልቅ ሞተር ተነቅሎ ትንሽ ሲተካበት ዘንጉ ከፓምፑ ዘንግ ዝቅ ስለሚል ከሥሩ በብረት ከፍ ይደረጋል። ይህን አውቃለሁ። አየሁት፣ አወቅሁት፣ ዓይኔንም አዞርኩ። ሌላ ነጋዴ ቢሆን ግቢውን በጩኸት አናውጠው ነበር።

ለምን ዝም እንዳልኩ ነግሬህ አላውቅም። አባቴ የሞተ ጊዜ ከክፍል ጠርተኸኝ የነገርከኝ አንተ ነህ። እስከ አውቶቡሱ ሻንጣዬን ተሸከምክ፤ ሳልለምንህ አብረኸኝ ተሳፈርክ፤ ያንን ሁሉ መንገድ አንዲት ቃል ብቻ እየደጋገምክ ተቀምጠህ ሄድክ። ከዚያ ወዲህ የሁሉን ሰው ሥራ ስመረምር ያንተን ለብቻው አስቀመጥኩት። አንድ ሰው እንኳ የማልለካው ይኑረኝ ብዬ ነበር።

ፓምፑን ይዤ ስመጣ ነዋሪዎቹ ምድር ቤት ተሰብስበው ጠበቁኝ። ስድሳ ሜትር ይገፋል ስላቸው አጨበጨቡ። እህቴ ብቻ እጇን አጣምራ ቆማለች።

«ለመሆኑ ሞተሩ ይችለዋል?» አለች።

«አይዞህ አይቶታል።»

«እሱን ማን ጠየቀ? አንተ አይተኸዋል ወይ፣ ወንድሜ?»

«የማታውቂበት ነገር ውስጥ አትግቢ!»

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዲህ አልኳት። እሷም «እሺ» ብላ ባዶ ጀሪካኗን አንስታ ወጣች። ልክ ነበረች አልልም፤ እሷም ስለ ሞተር የምታውቀው የለም። የጠየቀችኝ ማንም ዕቃ የሚገዛ ሰው የሚጠይቀውን ነው። እኔ የተቆጣሁት መልሱ ስላልነበረኝ ነው።

ተከልነው። ውሃው ጣሪያ ላይ ሲደርስ ልጆች በደረጃው እየጮሁ ሮጡ። ብዙም ሳይቆይ ሞተሩ ቀጥ አለ። ሪሌዋ ቆርጣዋለች። ሪሌ ማለት፣ ለጎረቤቶቼ ስል ልናገር፣ ሞተር ከአቅሙ በላይ ኤሌክትሪክ ሲስብ ከመቃጠሉ በፊት የምታጠፋው መሣሪያ ናት። መልሰን አስነሳነው፤ መልሳ ቆረጠችው። ላንተ ጻፍኩልህ። ከላይ ያለው መልስ መጣ።

ከዚያ ያደረግሁትን አንተ አላደረግኸውም፤ የገዛ እጄ ነው። ጠመንጃ መፍቻ አመጣሁ፤ የሪሌዋን ቁጥር ወደ ላይ አዞርኩት። እውነቱን የሚናገረውን አፏን ዘጋሁና የአንተን አመንኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ተቃጠለ። የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ታውቀዋለህ፤ ጉሮሮ ይይዛል። ጭሱ ደረጃውን ተከትሎ ወደ ላይ ወጣ። ሰዉ ልጆቹን እያቀፈ ሲወርድ እኔ እየተጋፋሁ ወጣሁ። እናቴን ተሸክሞ የሚያወርዳት አልነበረም። አምስተኛው ፎቅ ስደርስ የእህቴ በር ተዘግቷል፤ ከሥሩ እርጥብ ፎጣ ተወትፎበታል። በጀሪካኑ የቀረውን ውሃ ለዚያ ነው ያዋለችው።

አንኳኳሁ።

«አትክፈት፤ ጭሱ ይገባል» አለች ከውስጥ።

«እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

ጭሱ እስኪሳሳ ድረስ እዚያው በሩ ላይ ቆምኩ። እናቴ ደህና ናት። ይህን የምነግርህ እንድትረጋጋ አይደለም።

ጭሱ ሲጠራ ምድር ቤት ወርጄ አረንጓዴውን ቀለም በቢላ ፋቅሁ። ፓምፑ አሥራ አንድ ኪሎዋት ሞተር ይፈልጋል። የተገጠመለት አምስት ተኩል ነው። ግማሹ! ፋቅ ፋቅ ማድረግ ብቻ ነበር የሚፈለገው፤ ይህን በግቢህ ባደርገው ኖሮ ሻይ እስኪቀርብ አያቆየኝም ነበር።

ከዚያ እጅህ ትዝ አለኝ። ሰው ሁሉ ፓምፕ የሚደክመው ወደ ላይ አርቆ ሲገፋ ይመስለዋል። እንዲህ ዓይነቱ ፓምፕ ግን ተቃራኒ ነው። መውጫው ሲጠብበት ጥቂት ውሃ ይገፋል፤ ሞተሩም ያርፋል። መንገዱ ሲለቀቅለት፣ ለስድሳ ሜትር ተሠርቶ ሃያ ሁለት ብቻ ሲጠየቅ፣ ውሃውን ያለ ልክ እየዘረገፈ ከሞተሩ የሚፈልገው ጉልበት ይጨምራል። ስለዚህ ቫልቩ ጠበቅ ተደርጎ ከተያዘ ትንሹም ሞተር ጨዋ ይመስላል። ይህን ለፈተና ስናጠና ያስረዳኸኝ አንተ ነህ። እኔ አልገባኝ ብሎ ስነጫነጭ የመታጠቢያ ቤቱን ጎማ በአውራ ጣትህ ግማሹን ደፍነህ አሳየኸኝ። ሸሚዜን አበሰበስከው።

አሁን ጎረቤቶቼ አይሰድቡኝም። ቢሰድቡኝ ምን ነበረበት! ከበፊቱ የበለጠ በአክብሮት ሰላም ይሉኛል፤ «ኢንጂነር፣ እንዴት አደሩ?» ብለው ጀሪካናቸውን ከመንገዴ ገለል ያደርጉልኛል። እኔ ባለሁበት ስለ ውሃ አይወራም። እህቴ ጠዋትና ማታ በቤቴ በር በኩል ታልፋለች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ጀሪካኑን አስቀምጣ እንደምታርፍ ድምፁ ይነግረኛል። አንድ ቀን ወጥቼ ልቀበላት ስል «ተወው፣ ለምጄዋለሁ» አለችኝ። በሩን ዘግቼ ከውስጥ ቆሜ ቀረሁ፤ በሃምሳ ምናምን ዓመቴ፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ።

እሑድ የእኔን ድርሻ ራሴ እናገራለሁ። ታርጋውን አለማየቴን፣ የተበየደውን ብረት አይቼ ማለፌን፣ ሪሌዋን ማዞሬን። ሞተሩንም እኔ እተካለሁ፤ የማንም መዋጮ አይነካም። ያንተን ድርሻ ግን እኔ ልናገርልህ አልችልም፤ አላውቀውማ።

ስለዚህ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ቫልቩን ስትይዝ ታውቅ ነበር? ወይስ እጅህ ልማድ ሆኖበት ነው የያዘው? ትልቁን ሞተር ማን እንደነቀለው፣ ቀለሙን ማን እንዳስቀባው አልጠይቅህም። ይህንን ብቻ። ረስተኸው ከነበረ «ረስቼው ነበር» ብለህ ጻፍ፤ አነበዋለሁ፤ ሰው ይረሳል። ታውቅ ከነበረም ጻፍ፤ እሱንም አነበዋለሁ።

መልስህ እስከ መጪው ሐሙስ፣ ወሩ በገባ እስከ አሥራ ስምንተኛው ቀን ድረስ፣ በጽሑፍና በፊርማህ ይድረሰኝ። ካልደረሰኝ ይህን ደብዳቤ አንብቤ በመጨረሻው «መልስ አልመጣም» እላለሁ።

ስልክ እንዳትደውል። ድምፅህን ከሰማሁ አምንሃለሁ።

ማስመሪያው