ሁለት ጊዜ የተደመረው ሳምንት

ለወንድሜ ልጅ ለዳሬል፤ በማዕድን ማውጫው እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን።

ከልጅነትህ የምታውቀውን ላስታውስህ፤ ጥጥ የሚያድገው በቀን ቁጥር ሳይሆን በተጠራቀመ ሙቀት ነው። አባትህ የየቀኑን ሙቀት እየደመረ፣ ድምሩ ሲሞላ ውሃ ይለቃል።

ዘንድሮ ከናሞይ ወንዝ የተፈቀደልን ውሃ ለሁለት ጊዜ ማጠጫ ብቻ ነው። አንዱን ማክሰኞ ለቀቀው። መሬቱ ግን ገና እርጥብ ነበር። ሙቀቱን የሚደምርበትን ደብተር ሳየው፣ አንዱ ሳምንት ሁለት ጊዜ ተደምሯል።

«ይህን ሳምንት ደግመኸዋል» አልኩት።

«አይ አንቺ! ከአስተማሪነት ጡረታ ወጥተሽም ቀይ እስክሪብቶሽን አልጣልሽም?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ እዚያው ፊቴ ቁጭ ብሎ የዚያኑ ሳምንት ሰኞ ለሦስተኛ ጊዜ ጻፈ።

ምግብ በደንብ ይበላል። መኪናውን የምነዳለት እኔ ነኝ፤ መንገዱ ተበላሽቷል። ቴርሞሜትሩንም በየማለዳው ቀድሜው አነባለሁ።

የቀረችውን ውሃ ጥጡ ሲያብብ ካላገኘ ምርት የለም። የፓምፑ ቁልፍ ዛሬም በእሱ ኪስ ነው። ልቀበለው ወይስ ልተወው? ፈረቃህ መቼ እንደሚያልቅም ጨምረህ፣ እባክህ በዚህ ሳምንት መልስልኝ።

ጤናህን የምትመኝልህ አክስትህ ሎርና