ለዶክተሯ የደበቅሁት

ደብረ ታቦር
ሚያዝያ 25 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለውዷ ባለቤቴ ለእመቤት፤ ይፋግ

እመቤትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ወላጆችሽስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ስልኬን አታነሺም። ወንድምሽ አዳነም «ተዋት፣ ትንሽ ትብረድ» ይለኛል። ስለዚህ ፊትሽ ቆሜ መናገር ያቃተኝን ልጽፍልሽ ነው። እባክሽ ሳትጨርሺው አትቅደጂው።

ኮቴ ኪስ ውስጥ ያገኘሽው ኪኒን ላንቺ ብዬ የገዛሁት ነበር። ሌላ ሴት የለችኝም።

ስኳር አለብኝ፣ እመቤት። ሦስት ዓመት ሆነኝ። ኩዌት ሆነሽ በቪዲዮ እያየሽኝ «ምነው ከሳህ?» ስትዪኝ «የወፍጮው ሥራ ነው» እልሽ ነበር። በሽታው ቀስ እያለ ወንድነቴን ወሰደው። ስድስት ዓመት በሰው ቤት ተንገላተሽ ስትመለሺ ምን ብዬ ልቀበልሽ? ጠበልም ገባሁ። በኋላ አንድ የማውቀው ሰው ኪኒኑን ሸጠልኝ። «በግማሽ ሰዓት ይሠራል» አለኝ።

የፋሲካ ለት ዶሮውንም የበጉን ጮማም በልተን፣ ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ ሲሄዱ አንዱን ዋጥሁ። አንድ ሰዓት ጠበቅሁ፤ ምንም የለም። አንቺ ጓዳ ሆነሽ ስታንጎራጉሪ ይሰማኛል። ጨነቀኝና ሁለተኛውን ደገምሁ። ብዙም ሳልቆይ ደረቴን ጨምድዶ ያዘኝ፤ የቀረውን አይተሻል።

ሆስፒታል ስንደርስ ግን አንቺ ካርድ ልታወጪ ስለሄድሽ ዶክተር የምስራች ምን እንዳለችኝ አልሰማሽም። «ሌላ የወሰዱት መድኃኒት አለ? የወንድነት መድኃኒትም ቢሆን አይፈሩ፣ ይንገሩኝ» አለችኝ። አዳነ ትከሻዬን ደግፎ ቆሟል። «ምንም አልወሰድሁም» አልሁ። እሷም አምናኝ የልብ ኪኒን ከምላሴ ሥር አደረገችልኝ። ያኔ ነው የደም ግፊቴ ወርዶ የወደቅሁት፤ አንቺም ስትገቢ አይተሽ የጮኽሽው።

እንደነቃሁ፣ ብቻዋን ስትመጣ ነገርኋት። አልተቆጣችም።

«ሆድ በጮማ ሲሞላ ኪኒኑ ወደ ደም የሚገባው ዘግይቶ ነው» አለችኝ። «አልሠራም ብለው ሲደርቡ ሁለቱ አንድ ላይ ደረሱብዎ። ጉበት ነው እየሰባበረ የሚያስወጣው፤ በአራት ሰዓት ያህል ጊዜ ግማሹ ይቀንሳል፣ ከዚያ ደግሞ የቀረው ግማሽ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። አንድ ሙሉ ቀን ሳያልፍ የልቡን ኪኒን ከሱ ጋር አንሰጥም። ሁለቱም የደም ሥር ስለሚያላሉ ይገድላል። ቢነግሩኝ ኖሮ ሌላ እሰጥዎ ነበር።»

በማግስቱ ኮቴን ልታጥቢ ስትወስጂ ማሸጊያውን አገኘሽ። «ከኪኒኖቹ ሁለቱ የሉም። ለማን ነው?» አልሽኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርሁ። ለዶክተሯ የተናገርሁትን ላንቺ መናገር አቃተኝ። ለሷ ሕመምተኛ ነኝ፤ ላንቺ ግን ባልሽ ነኝ። አንቺም ዝምታዬን እንደ እምነት ቃል ቆጥረሽ ሻንጣሽን ይዘሽ ሄድሽ። አልፈርድብሽም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ ግን አሁንም መደበቅ አልተውሁም። ወፍጮ ቤቱን ዘግቼዋለሁ። እህል ተሸክመው ለሚመጡት «ወፍጮውን የሚያዞረው ቺንጋ ተበጥሷል» እላቸዋለሁ። ቺንጋው ደህና ነው። እህልም አይወርድልኝ፤ የስኳሩን መድኃኒትም አንዳንድ ቀን እተወዋለሁ። ሰበብ ፈልጌ አይደለም፤ ለማን ብዬ እንደምወስደው ስለሚጠፋኝ ነው። ይህን ለማስፈራራት እንዳልጻፍሁት እመኚኝ። ልሰርዘው ነበር፤ ተውሁት።

ዶክተሯ ሐሙስ ግንቦት 3 ቀጥራኛለች። «ባለቤትዎን ይዘው ይምጡ፤ መፍትሔ አለው፣ ግን ለብቻዎ አይሆንም» ብላኛለች። ብትመጪ ከጠዋት ጀምሮ መናኸሪያ እጠብቅሻለሁ። ባትመጪም እጠብቃለሁ።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። አባትሽ ሌላ ሴት እንደያዝሁ ሰምተው አዝነዋል አሉ። «ባሌ ታሞ ነው» በያቸው። ሕመሙ ምን እንደሆነ ከጠየቁሽ ደብቂልኝ አልልሽም። በስሙ ጠርተሽ ንገሪያቸው።

እመብርሃን ካንቺ ጋር ትሁን፤ ደጅሽን ትጠብቅልሽ።

ባልሽ
ዓለምነው