የእንግሊዞቹ ኮሜዲና የዳንኤል ትራንስሚሽን

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 10

ከሥራ ገብቼ ሶፋው ላይ ጋደም አልኩና የእንግሊዞቹን ኮሜዲ ከፈትኩ። በፍቅር የማይቀናቸው ሰዎች አጫጭር ድራማ ነው። የዛሬው ሰውዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ካገኛት ሴት ጋር እራት ተቀምጦ ስለተበላሸው የቤቱ ውሃ ማሞቂያ ቦይለር ብቻ ያወራል። ሴትየዋ ካፖርቷን ለብሳ ስትወጣ እንኳን አላያትም፤ ለባዶው ወንበር ማውራቱን ቀጠለ። ፊቱ ላይ ፈገግታ የሚባል የለም። እንባዬ እስኪፈስ ሳቅኩ።

እሑድ እህቴ ያስተዋወቀችኝ ዳንኤል ትዝ አለኝ። ግሌንዴል ከተማ ምሳ በልተን እስክንነሳ ድረስ ስለተበላሸው የመኪናው ካምቢዮ፣ ስለ ትራንስሚሽኑ ነበር ሲያስረዳኝ የነበረው። ቪዲዮውን ለእህቴ ላኩላትና “ዳንኤልሽን እይው” አልኳት። ይህቺ ጉደኛ ቀጥታ ለእሱ ፎርዋርድ አደረገችለት።

ወዲያው ደወለ። ምን እንደምለው ጨንቆኝ አነሳሁት።

“አየሁት” አለኝ። “ሴትየዋ ቸኮለች። ቦይለሩ ምን እንደሆነ ሳትሰማ ሄደች።”

ይቀልድ ይሁን ከልቡ ይሁን ከድምፁ መለየት አቃተኝ። እንግሊዞቹም እንዲሁ ናቸው። “ትራንስሚሽኑስ ተሠራ?” አልኩት።

“እሱን ቅዳሜ ስንገናኝ እነግርሻለሁ” አለኝ።

እሺ አልኩ።