ስድስቱ የጀልባ ቀለበቶች

ሰኞ

አሁንም አልገባ አለኝ። ጠዋቱን ሙሉ ከአንድ ቀጭን ገመድ ጋር ስታገል አረፈድኩ። ሰው ሠራሽ ነው፤ ውስጡ ባዶ፣ ቋጠሮ የማይይዝ። ሥራው ጫፉን እንደ ቀለበት አጥፎ በራሱ በገመዱ ሆድ ውስጥ መቅበር ነው። ሲጎተት ገመዱ የተቀበረውን ጫፍ አንቆ ይይዘዋል፤ ቀለበቱ አይፈታም። ያሳየኝ ታናሽ ወንድሜ ደሳለኝ ነው፤ እሱም ከስልክ ላይ አይቶ። የእንጨት ሥራ መምህር ነው፤ ዓመት ሙሉ ጓሯችን ውስጥ ባለ ሸራ ጀልባ ሲሠራ ከርሞ፣ ቅዳሜ ዘንገና ሐይቅ ላይ ሊያወጣው ነው። የሸራውን ምሰሶ የሚይዙት የእኔ ስድስት ቀለበቶች ናቸው። ደሳለኝ ዋና አይችልም። ዘንገና ደግሞ ገና ከዳሩ ይጠልቃል።

አባባ ጫፉን በወስፌ ስገፋ ሲያዩ ቆይተው፣ «ቅቤ ቀቢው እንጂ! ጠፍር እምቢ ሲል ምን ነበር የምናደርገው?» አሉኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የፈረስ ዕቃ ሲሰፉ ኖረዋል፤ እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ቀባሁት። ሽው ብሎ ገባ!

ማክሰኞ

ስድስቱም አለቁ። ያምራሉ። ደሳለኝ ግንባሬን ስሞ ወሰዳቸው። የከተማችን የቆሰበር ሰው ጉድ ይበል።

ረቡዕ

ከተረፈው ገመድ ላይ ቆርጬ ሰባተኛ ሠራሁ። አዲስ ልጓም በፈረስ ሳይፈተን ከቤት አይወጣም፤ የአባባ ሕግ ነው። እነዚያን ስድስቱን ግን በደስታ ብዛት ሳልፈትን ሰጥቻለሁ። ሰባተኛውን ባሕር ዛፍ ላይ አስሬ ፈረሳችንን ቦራን አስጎተትኩት። ሦስት እርምጃ አልሄደም። ጫፉ ከተቀበረበት ሹልክ ብሎ ወጣ።

አልተበጠሰም፤ ሾለከ። ገመዱ ድሮም ያሙለጨልጫል፣ እኛ በላዩ ቅቤ! ጠፍር ቅቤውን ይጠጣል፤ ይኼ አይጠጣም። ፈራሁ።

«ቅቢ ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ እኔው እነግረዋለሁ» አሉ አባባ። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። እምቢ አልኩ። የሠራሁት እኔ ነኝ።

ሐሙስ

ለደሳለኝ ነገርኩት። ምሰሶው ቆሞ፣ ሁሉም ታስሮ ነበር። «እታለም፣ ባትፈትኚውስ ኖሮ?» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በሳሙና አጠብናቸው። ውስጥ የገባ ቅቤ የት ይወጣል? ስድስቱንም ጣልናቸው። የቀረው ገመድ ለስድስት ብቻ ይበቃል። አንዱን ባበላሽ ቅዳሜ የለም።

ዓርብ

ያለ ቅቤ። ጣቶቼ ተላጡ። የሚቀበረውን ጫፍ እጥፍ አስረዘምኩት፣ አሳሳሁት፣ አፉንም በክር ሰፋሁት። ቦራ ስድስቱንም ጎተተ። አራተኛው ላይ ገመዱ ተንቋቋ። ያዘ።

ግን ፈረስ ነፋስ አይደለም።

ቅዳሜ

ማንም ሳይጋብዘኝ ጀልባው ውስጥ ገባሁ።

«ውረጂ። አንቺም ዋና አትችይም» አለ ደሳለኝ።

«ቀለበቶቹ የእኔ ናቸው» አልኩት።

ወገባችን ላይ ባዶ ጀሪካን አሰርን። አባባ ዳር ቆመው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። መሐል ስንደርስ ነፋሱ መጣ፤ ሸራው ተወጠረ፣ ጀልባው በጎኑ አዘነበለ፣ ምሰሶው አቃሰተ። አንዱን ቀለበት በሁለት እጄ ጨብጬ ያዝኩት። እኔ ብይዘው ባልይዘው ምን ሊፈይድ! ግን ያዝኩት። ጀልባው ተመልሶ ቀና አለ። ዞረን ወደ ዳር መጣን።

እጄን ላነሳ ብል አቃተኝ። ደሳለኝ ጣቶቼን አንድ በአንድ ከቀለበቱ አላቀቀልኝ። ያኔ ነው ያለቀስኩት።