ለእትዬ አልማዝ የመረጥሁት ክፍል

ቅዳሜ፣ ሰኔ 20፣ ቂርያት ጋት

ሰንበት ሲወጣ ስልኬን ከፈትሁ። እትዬ አልማዝ አሥራ አንድ ጊዜ ደውለውልኛል።

ታላቅ እኅቴ ከጎንደር የመጡት ጎልጎታን ለመሳለም ነው። እኔ ወደ ይሁዲነት ስመለስ እሳቸው በክርስትናቸው ቀሩ፤ በዚህ ተጣልተን አናውቅም። ሳምንቱ እኔ ቤት በዘመድ ጥየቃ አለቀ፤ ለኢየሩሳሌም የቀረችው ዛሬ ብቻ ነበረች። በአሮጌው ከተማ ዙሪያ ያለው ማረፊያ ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ከከተማዋ ዳር ርካሽ ክፍል ያዝሁላቸውና ትናንት ወደ አመሻሽ አድርሻቸው ሰንበት ሳይገባ ተመለስሁ። «አውቶቡሱ ከደጅዎ ነው የሚነሳው» አልኋቸው።

እዚህ አገር በሰንበት አውቶቡስ የለም። ሃያ ዓመት በሰንበት ከሰፈሬ ወጥቼ ስለማላውቅ ጭራሽ ትዝ አላለኝም። በጋዜጣ «ከመሃል ከተማ ራቅ ብላችሁ እደሩ፤ መጓጓዣውን ግን አጣሩ» እያልሁ አንባቢ ስመክር የኖርሁት ደግሞ እኔው ነኝ።

ደወልሁላቸው።

«ሰንበትህ እንዴት ዋለ?» አሉኝ።

«ይቅር ይበሉኝ እትዬ። ታክሲስ አልነበረም?»

«በምን ቋንቋ ልጥራው? ፌርማታው ላይ ተቀምጬ ዋልሁ። በዚህ ጉልበቴ የት እሄዳለሁ?»

አውሮፕላናቸው ንጋት ላይ ይነሳል። አሁን መኪና አስነስቼ ብሄድም እስክደርስ የጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ይዘጋል።

«ስትሸኘኝ የተሳልሁትን ጧፍ እሰጥሃለሁ» አሉ። «አንተ ገብተህ ታበራልኛለህ።»

እሺ አልሁ። ወደ ይሁዲነት ከተመለስነው መካከል ቤተ ክርስቲያን ሲገባ የታየ ሰው ወሬው ሳይውል ሳያድር እዚህ ምኵራብ ይደርሳል። እኅቴ ይህን ያውቃሉ። እያወቁ ነው የጠየቁኝ።