የገዛነው ቤት ሰዎች

እታለም፣

ተሳፋሪ እየጠበቀኝ ስለሆነ በአጭሩ ነው የምጽፍልሽ። ከመንገድ የምመለሰው ከአራት ቀን በኋላ ነው። ቧንቧው አሁንም ያንጠባጥባል፤ ባልዲውን ጠዋት ጠዋት ድፊው።

ትናንት የገዛነው ቤት ሄጄ ነበር፤ እንዳልሽኝ ተከራዮቹን "በወር ውስጥ ልቀቁልን" ልላቸው።

ተከራዩ ሰዓት ሠሪ ቤት አልነበረም። በሩን የከፈቱልኝ እናቱ ናቸው። ቤቱን ያየሽው አንቺ ነሽ፤ ዓይናቸው እንደማያይ ግን አልነገርሽኝም።

ለአንዱ ክፍል የመጣሁ አዲስ ተከራይ መስያቸው ክንዴን ይዘው ቤቱን አስጎበኙኝ። "ከአልጋዬ እስከ ጓዳ አሥራ አንድ እርምጃ ነው። እዚህ ጋ ደረጃ አለ፣ እንዳትወድቅ ልጄ" አሉኝ።

ወደቅኩ።

"አይዞህ፣ እኔም እስክለምደው ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል" አሉኝ።

ልጃቸው መጥቶ ሲያየኝ ፊቱ ተለዋወጠ። እናቱ እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "መቼ እንውጣ?" አለኝ።

"ኧረ ደረጃውን ልይ ብዬ ነው የመጣሁት" አልኩት። ከዚያ ቁጭ ብዬ የአንድ ዓመት ውል ፈረምኩለት።

ሳላማክርሽ ነው። አንድ ክፍል በመጋረጃ ከፍለን መኖር እንደሰለቸሽም አውቃለሁ። እኔንም ሰልችቶኛል፤ ታንኮራፊያለሽ።

ግን ስልሳ ተማሪ በዓይኗ ብቻ ፀጥ የምታሰኝ ሴት ይህን እንድናገር እኔን ለምን እንደላከችኝ ሁለታችንም እናውቃለን።

ከተናደድሽ ሂጂና ራስሽ ንገሪያቸው። ቅዳሜ እንደምትመጪ ነግሬያቸዋለሁ።

ምሳ ሠርተው ይጠብቁሻል።