የእማማ አስካለ እጆች

ሰኞ

የልጃችን የሶሊያና የደም ምርመራ ውጤት መጥቷል ብለው ከሆስፒታል ደወሉ። በስልክ አንናገርም፣ ነገ ሁለታችሁም ኑ አሉ። ባለቤቴን ትዕግሥትን ከሥራ ፈቃድ ስለከለከሏት ብቻዬን ልሄድ ነው።

ሶሊያና አራት ዓመቷ ነው። እስከ ዓመት ከመንፈቋ እንደማንኛውም ልጅ ነበረች። «አባ»፣ «ውሃ»፣ «እንካ» ትል ነበር። ማንኪያ ትይዝ ነበር። ከዚያ ቃላቱ አንድ በአንድ ጠፉ። እጆቿም መያዝ ትተው፣ ልብስ እንደሚያጥብ ሰው ቀኑን ሙሉ እርስ በርስ ይታሻሉ።

ነገሩ መቼ እንደጀመረ አውቃለሁ። አማቴ እማማ አስካለ ይጠብቋት በነበረ ጊዜ ከአልጋ ወደቀች። ሐኪም ቤት በመውሰድ ፋንታ ወጌሻ ዘንድ ወስደው አንገቷን አሳሿት። በወሩ ዝም አለች። በሁለተኛ ዓመት ልደቷ፣ እንግዳ በሞላበት ቤት፣ «ልጄን ያጠፏት እርስዎ ነዎት» አልኳቸው። ነጠላቸውን አንስተው ወጡ። ይኸው ሁለት ዓመት፣ ጌጃ ሰፈር ያለውን ቤታችንን አልረገጡም።

ለራሴ ካልዋሸሁ፣ ነገ የምፈልገው «ከደሟ ምንም አልተገኘም» የሚል ወረቀት ነው። ያኔ የሚቀረው መውደቋና ወጌሻው ብቻ ነው። አሳፋሪ ምኞት ነው። ግን ምኞቴ ነው።

ማክሰኞ

ተገኘ።

ሐኪሟ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። እያንዳንዱ የአንጎል ሴል ውስጥ ሁሉም ጂን አለ፤ ሁሉም ግን በአንድ ጊዜ አይሠራም። የነርቭ ሴል እየበሰለ ሲሄድ አንዳንዱ ጂን ዝም ማለት፣ ሌላው ደግሞ ሥራ መጀመር አለበት። ይህን ከሚቆጣጠሩት አንዱ ነው ሶሊያና ላይ የተበላሸው። እኔ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለሆንኩ በራሴ መንገድ ገባኝ። መዝገቦቹ ሁሉ መደርደሪያው ላይ አሉ፤ የትኛው ወጥቶ የትኛው እንደሚመለስ የሚያውቀው ሰው ነው የሌለው።

ታዲያ መጀመሪያ ላይ ለምን ደህና ነበረች አልኳት። ሴሎቹ ገና ጮርቃ ስለነበሩ ያን ያህል አልፈለጉትም፤ ሲበስሉ ነው ጉድለቱ የታየው አለች።

ስለ ወጌሻው ጠየቅኳት።

«አይገናኝም። ባትወድቅም ይመጣ ነበር።»

ከየት መጣ? የተወረሰ አይደለም፤ በአጋጣሚ የሚፈጠር ስህተት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው የአባት ዘር ሲሠራ ነው። የማንም ጥፋት አይደለም ብላ ሁለት ሦስቴ ደገመችልኝ። ጆሮዬ ውስጥ የቀረው ግን «የአባት» የሚለው ነው።

የሚያድናት የለም። የሚያግዛት አለ። የሰውነት እንቅስቃሴ፣ ክትትል፣ ትዕግሥት። የባለቤቴን ስም ስትጠራ ደነገጥኩ።

ረቡዕ

ለትዕግሥት ግማሹን ነገርኳት። የአባትን ነገር ዋጥኩት። ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች፣ ከዚያ «እናቴስ?» አለችኝ። ልትደውልላቸው ስልኩን ስታነሳ፣ ተይው፣ እኔው ሄጄ እነግራቸዋለሁ አልኳት።

ዛሬ ለችሎት ሁለት የተሳሳተ መዝገብ አውጥቼ ላክሁ። ሁለቱም ተመለሱልኝ። በአሥራ አንድ ዓመት አንድም ቀን እንዲህ አድርጌ አላውቅም።

ሐሙስ

ከሥራ ስወጣ አማቴ ቤት፣ አብነት ሰፈር ድረስ በእግሬ ሄድኩ። በራቸውን አየሁ። ተመለስኩ።

ሽማግሌ ልልክ አስቤ ሁለት የሰፈር አዛውንት መርጬ ነበር። ወጉም እሱ ነው። ግን ሽማግሌ ከገባ ይቅርታው በእነሱ አፍ ያልቃል፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ መቀመጥ ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። በልደቷ ቀን ስናገር ሽማግሌ አልላክሁም። ፈሪ ነኝ፤ ግን ይህን ያህል አልፈራም። ነገ ብቻዬን እገባለሁ።

ማታ ትዕግሥትን አስቀምጬ የቀረውን ግማሽ ነገርኳት። እጄን ያዘች።

ዓርብ

ሶሊያናን አቅፌ ሄድኩ። እማማ አስካለ ደጃፉ ላይ ምስር ይለቅማሉ። ሲያዩኝ ተነሡ፣ ወንበር አወጡልኝ፤ ልጅቷን ግን ለመቀበል አልሞከሩም።

ሁሉንም ነገርኳቸው። መውደቋ እንዳልሆነ። ወጌሻው እንዳልሆነ። ከእኔ ሳይመጣ እንደማይቀር። ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኩ።

ምስሩን ወደ ጎን አስቀመጡ።

«አውቀህ ነው?» አሉኝ።

«አይደለም።»

«እኔም አውቄ አልነበረም።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ትናገራለች ወይ አሉ። አይመስለኝም አልኳቸው፤ መዋሸት አልቻልኩም። ሶሊያናን ላስይዛቸው ስጠጋ እጆቻቸውን ነጠላው ውስጥ ሸሸጉ። ከዚያ ልደት ወዲህ አንድም ሕፃን ይዘው እንደማያውቁ የነገሩኝ ያኔ ነው። የሌላ ልጃቸው ልጅ ክርስትና ሲነሣ እንኳ ከሩቅ ቆመው ነበር ያዩት።

«ብጥላትስ?» አሉ።

አይጥሏትም አልኳቸው። አላመኑኝም።

«እንግዲያው አጠገቤ ተቀመጥ። እጅህን ከእጄ ሥር አድርግ።»

ተቀመጥኩ። ልጅቷን ታቀፏት፤ እጄን ከእጃቸው ሥር አደረግኩ። ሶሊያና እጆቿን ማሸቷን አላቆመችም። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደዚያው ቆየን። እጄ ደነዘዘ፤ አላነሣሁትም።